ማንም ሳይሞትብኝ የተቀመጥኩት ለቅሶ

ምናልባት ይህን የምታነቡት የላቦራቶሪ ውጤት እየጠበቃችሁ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግታችሁ ተቀምጣችሁ ይሆናል። ወይም ቤታችሁ ውስጥ ግድግዳ ግድግዳ የሚያይ ሰው አለ፤ ምን እንደነካው ግራ ገብቷችኋል። እኔ ግድግዳ ሲያይ የከረመው ሰው ነኝ። አሁን ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። መጨረሻውን መጀመሪያ የምነግራችሁ ልባችሁ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ ብዬ ነው። አንዳንዱ ቦታ ሊያስቃችሁ ይችላል፤ ሳቁ፣ እኔም እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

ስሜ ሰይድ ነው። አሶሳ ከተማ የስፖርት መምህር ነኝ። ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን የተወለድኩትም ያደግኩትም እዚሁ ነው። ባለቤቴ ራህማ የበርታ ልጅ ናት፤ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። ሂክማ የምትባል ሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጅና ገና ድክ ድክ የሚል ወንድ ልጅ አሉን። ሳልታመም በፊት አፌ የማያርፍ ሰው ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ውድድር ሲያዘጋጅ ፊሽካ የምነፋውም እኔ፣ ጨዋታውን በድምፅ ማጉያ የማስተላልፈውም እኔ። ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት እንደምሠራ አትጠይቁኝ፤ እሠራ ነበር።

በሽታው ሲመጣ እንደ ወባ አንቀጥቅጦ አልመጣም። ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት እንደተጀመረ፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ከበደኝ። ሰውነቴ ሲሚንቶ የተሸከመ ይመስል ነበር። ምግብ አፌ ውስጥ ገለባ ሆነ። ወፍ ሳይንጫጫ እነቃለሁ፤ ከነቃሁ በኋላ ደግሞ ልነሳ አልችልም። ራስ ምታት፣ የሆድ ማቃጠል፣ የወገብ ሕመም ተፈራረቁብኝ። ጓደኞቼ ሲቀልዱ የት ላይ እንደሚሳቅ ጠፋኝ፤ እነሱ ሲስቁ አይቼ ጥርሴን አሳያለሁ። የሚገርመው አላዘንኩም ነበር። ያዘነ ሰው ቢያንስ ያለቅሳል። እኔ ባዶ ቤት ነበርኩ።

የትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ ያወቀብኝ በአንድ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ጨዋታ ላይ ነው። እኔ ነበርኩ የማጫውተው። ኳሷ መረብ ነክታ ወጣች ይላሉ አንዳንዶቹ፤ በጎን ነው ያለፈችው ይላሉ ሌሎቹ። ሁሉም ወደኔ ዞረው ያዩኛል። ዓይኔ ተከፍቶ ቆሜያለሁ፣ ግን ምንም አላየሁም። የት እንደነበርኩ አላህ ይወቅ።

"መምህር፣ ጎል ነው አይደለም?" አለኝ የአሥረኛዎቹ አምበል።

"እናንተው ተስማሙ" አልኩና ሄጄ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ።

ከእኔ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው ስለማያውቁ ደንግጠው መጣላቱን እንኳ ረሱት። አቻ ብለው ተለያዩ። በዚያ ሜዳ ታሪክ ያለ ጭቅጭቅ ያለቀ ብቸኛው ጨዋታ ያ ይመስለኛል።

ከዚያ የክሊኒክ ዙረት ተጀመረ። የመጀመሪያው "ታይፎይድ ነው" አለኝ፤ ኪኒኔን ጨርሼ ባዶነቴ እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው ደሜን አይቶ ወባ እንደሌለብኝ ነገረኝና "ጨጓራህ ነው፣ በርበሬ ተው" አለኝ። በርበሬ መተው ለወሎ ልጅ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ ተውኩ፣ አልተሻለኝም። ሦስተኛው የወገቤን ራጅ አነሳና "ስፖርተኛ ስለሆንክ ነው" ብሎ ማስታገሻ ሰጠኝ። ባለሙያዎቹን አልወቅስም። እነሱ ጋ ስሄድ የማወራው ስለ ሆዴና ስለ ወገቤ ብቻ ነበር፤ ስለ ባዶው ቤት አንድም ቀን አልተናገርኩም። ይነገራል ብዬም አላሰብኩም። ለማድ ቤቱ ቆርቆሮ ብለን ያጠራቀምናት ገንዘብ ግን ፋርማሲ ለፋርማሲ አለቀች።

በነዚያ ወራት የሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ለምዶኝ ነበር። ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። ከባምባሲ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠው ፊቴን ሲያጠኑ ቆዩና "ጉበት ነው" አሉኝ። ልጅ ያቀፈች ሴት "አይ፣ ዓይን ነው፣ የሰው ዓይን" አለች። ሁለቱ እስኪጣሉ ድረስ ስለኔ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ከኪሳቸው ኦቾሎኒ አውጥተው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝና "ጉበትም ቢሆን ብላ" አሉኝ። ያን ቀን ምስጋና እንኳ ከአፌ አልወጣም። ዛሬ ሳስታውሰው ግን እንዴት ያለ ደግነት ነበር!

ቤት ውስጥ ነገሩ እየከረረ ሄደ። የራህማ ወንድም "ሰነፍ ባል አገባሽ" ይላታል። የኔ አክስት ደግሞ "ልጃችንን ምን አበላሽው?" ትላታለች። እሷ መሐል ላይ ሆና ሱቅ ትሠራለች፣ ልጆች ታሳድጋለች፣ እኔን ታስታምማለች። ልጄ ሂክማ ጠዋት ጠዋት ወደ አልጋው መጥታ "አባዬ፣ ዛሬም ዝግ ነህ?" ትለኛለች፤ ልክ የእናቷን ሱቅ እንደምትጠይቅ። ዝግ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራህማ ከሱቅ ቀደም ብላ ገባች። በሩን ዘግታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"እውነቱን ንገረኝ፣ አልጣላህም" አለችኝ። "ሌላ ሴት አለች?"

"ራህማ፣ እኔ ለአንዷም አልበቃሁ" አልኳት።

ልቅሶና ሳቅ ባንድ ላይ መጣባት። "ታዲያ ምንድነው? እኔ ነኝ ያስከፋሁህ?"

"አይደለሽም። ማንም አይደለም። እኔም አላውቅም፣ ወላሂ።"

በማግሥቱ እናቷን ጠራች። አማቴ እማ ሐሊማ ከከተማው ወጣ ብሎ ይኖራሉ። ማሽላና ኦቾሎኒ የሚያርሱ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ሴት ናቸው። አማርኛን የተማሩት ከገበያ ነው፤ "አንተ"ና "አንቺ" አንዳንዴ ይቀያየሩባቸዋል። እኔም የእሳቸውን በርትኛ ስናገር ሰው መሬት ላይ እየተንከባለለ ይስቃል፤ ስለዚህ እኩል ነን። በእኛ ወግ አማት ይከበራል፣ ይታፈራል፤ ቀና ብዬ አይቻቸው እንኳ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ሰይድ፣ ሰው ሞተብህ?" አሉኝ።

"ኧረ አልሞተብኝም፣ እማ።"

"አባት አለ? እናት አለ?"

"አሉ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ልጅ ደህና ነው?"

"ደህና ናቸው።"

ትንሽ አሰቡና "ታዲያ ይሄ የማን ለቅሶ ነው የተቀመጥክ?" አሉኝ።

 አፌን ልከፍት ስል እንባዬ ቀደመኝ። ወራት ሙሉ ያልመጣ እንባ አማቴ ፊት ወረደ። ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም። እሳቸው ጭንቅላቴን እንደ ልጅ እያሻሹ በርትኛ አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ ሳልረዳው ገባኝ። ዝም ስል "እህቴ እንዲህ ሆኖ ነበር" አሉኝ። "ሰው ሰነፍ ነው አለ። ሰነፍ አይደለም። በሽታ ነው። ያን ጊዜ ሐኪም የለም። አሁን አለ።"

መጀመሪያ ግን የወሰዱኝ ሸኽ ጋ ነው። ሸኹ ቁርአን ቀሩብኝ፣ ዱዓ አደረጉልኝ፤ ልቤ ትንሽ አረፈች። ልንወጣ ስንል ክንዴን ያዙኝና "ዱዓውን እኛ አንተውም፤ አንተ ደግሞ ሐኪሙን አትተው። መድኃኒቱንም የፈጠረው እሱው ነው" አሉኝ። እዚህ ላይ የማሳስባችሁ ነገር አለ፤ እምነትና ሕክምና ይጣላሉ የሚላችሁን አትስሙ። እኔን እጄን ይዞ ወደ ሐኪም የገፋኝ ሸኽ ነው።

የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ከሆስፒታሉ ግቢ ጥግ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ቆሜ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የማውቀው ሰው ቢያየኝስ? "ሰይድ አበደ" ቢባልስ? ራህማ ጠጋ ብላ "ጀርባህን ስጣቸውና ግባ" አለችኝ። ገባን። ማን ተቀምጦ ባገኝ ጥሩ ነው? የአንድ ተማሪዬ አባት! ተያየን። እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። "አብሽር መምህር" አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ በኋላ መፍራቱ ቀነሰልኝ።

የተቀበለችኝ ባለሙያ ሲስተር ጫልቱ ትባላለች። የሆዴን ጉዳይ ጀምሬላት ሳልጨርስ "እሱን ሰማሁ፤ ቀድሞ ደስ ይልህ የነበረው ምንድነው?" አለችኝ። "ኳስ፣ ልጆቼ፣ ወሬ" አልኳት። "አሁንስ?" "ምንም።" ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቡ፣ ሥራ ላይ ሐሳቤን መሰብሰብ እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ ልክ ስለ ራስ ምታት እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ "መኖር ታክቶህ፣ ብሞት ይሻል ነበር ብለህ አስበህ ታውቃለህ?" አለችኝ።

ራህማ አጠገቤ ነበረች።  ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ከዚያ "ተኝቼ ባልነቃ ብዬ እመኛለሁ" አልኩ። "ራሴን ላጠፋ አላሰብኩም፤ ግን ባልነቃ እላለሁ።"

የራህማ እጅ እጄን አጥብቆ ያዘው። ሲስተር ጫልቱ አልደነገጠችም፣ አልገሠጸችኝም። "ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" አለች። "ይሄ ሐሳብ የበሽታው ነው፣ የአንተ አይደለም። ከበረታብህ ብቻህን አትያዘው፤ ለራህማ ንገራት፣ በማንኛውም ሰዓት እዚህ ኑ።" እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። ቃሉን ሳወጣው የሚገድለኝ መስሎኝ ነበር፤ ያቀለለኝ ግን እሱ ነው።

በሽታው ድባቴ ይባላል አለችን። ማዘን ሌላ ነው፤ ሐዘን ምክንያት አለው፣ ውሎ ሲያድርም እየቀለለ ይሄዳል። ድባቴ ግን ምክንያት ኖረውም አልኖረውም ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ አይነሳም፤ እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ጉልበትን፣ ደስታን ባንድ ላይ ይወስዳል። ሆድና ወገብም ያሳምማል። "ስንፍና አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም፤ ይታከማል" አለችን። ራህማ "ይሄን ቃል ለወንድሜ ስልክ ደውለሽ ትነግሪልኛለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ሲስተር ሳቀች። "ይምጣ፣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።" ደግሞም መጣ፤ እሱ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

መድኃኒቱን ስጀምር በማግሥቱ ዘልዬ የምነሳ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያገኘሁት የአፍ መድረቅና ድብታ ብቻ ነው። "ይሄ ደግሞ ከታይፎይዱ በምን ተሻለ?" ብዬ ልተወው ስል ራህማ ወደ ሲስተር ይዛኝ ሄደች። "ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሳታማክረኝ እንዳታቋርጥ" አለችኝ። ከዚያ ሌላ ትእዛዝ ጨመረች። "በየጠዋቱ ከሰው ጋር ትንሽ ትራመዳለህ።"

እኔ! ተማሪውን ሁሉ "ሩጥ፣ ዝለል" የምል የስፖርት መምህር፣ ትንሽ እንድራመድ ታዘዘልኝ። ራህማ ጠዋት ሱቅ ትከፍታለች። ማን ያራምደኝ? እማ ሐሊማ "እኔ አለሁ" አሉ። ለዚሁ ሲሉ እኛ ቤት ሰፈሩ።

ከአማቴ ጋር መንገድ መሄድ ምን እንደሚመስል ላስረዳችሁ። እሳቸው ሰው አይቶ ማለፍ አያውቁም። የሚመጣውን ሰው ሁሉ አቁመው ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ፤ የተጠየቀውም መልሶ ይጠይቃል። መድኃኒቴ መራመድ ነበር፤ እኔ ግን በአብዛኛው ቆሜ ነው የታከምኩት። ቆሜ ደግሞ ሰላምታ መመለስ ነበረብኝ፤ እሳቸው ክርናቸውን ወደ ጎኔ ሰደድ ያደርጋሉ። ሰው ማየት የጠላሁ ሰውዬ ሳልወድ በግድ ከመንደሩ ሁሉ ጋር ስተዋወቅ ሰነበትኩ።

"ሰይድ፣ አማትህን ወዴት ነው የምትወስዳቸው?" ይሉኛል።

እማ ሐሊማ ይቀድሙኛል። "እኔ ነኝ የምወስደው!"

አልፈልግም የምልባቸው ጠዋቶች ነበሩ። ያኔ በሩ ላይ ጫማዬን ይዘው ይቆማሉ፤ አይቆጡም፣ አይለምኑም። ያ አቋቋም ከንግግር ይበረታል። እነሳለሁ።

ከዚያ የባጃጁ ቀን መጣ። ከገበያው ማዶ ስንሻገር አንድ ባጃጅ ከኩርባው ዘው ብሎ ወጥቶ የአማቴን ቀሚስ ጫፍ ነክቶ ቆመ። አሽከርካሪው ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ግዙፍ ሰውዬ ነው። እማ ሐሊማ ጣታቸውን ቀስረው ተጠጉት።

"አንቺ! ዓይንሽ የለም? የማን ሚስት ነሽ አንቺ?"

ሰውዬው ጢሙን ያዘ። ወደ ኋላ ዞሮ የተሳፈረች ሴት መኖሯን አየ፤ ማንም የለም። "እ... እኔን ነው እማማ?" አለ በቀጭን ድምፅ።

"አንቺን ነው! ባልሽ ይምጣ፣ ለእሱ እናገራለሁ!"

ከሆዴ ውስጥ አንድ ድምፅ ተነሳ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅኩትም፣ አስደነገጠኝ። ሳቅ ነበር። ያዝኩት፣ አልያዝ አለኝ፤ መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ ጎኔን ይዤ ሳቅኩ። እማ ሐሊማ የማለቅስ መስሏቸው ባጃጁን ጥለው ወደኔ ሮጡ። ፊቴን ቀና አድርገው አዩት። "ይስቃል!" ብለው ጮኹ። "ራህማ የት አለች? ይስቃል!" ባለ ጢሙ ሰውዬም ወርዶ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ አብሮን ሳቀ። ሲረጋጉ ነገሩን ነገርኳቸው። እሳቸውም አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው "ንዴት ሲመጣ አማርኛ ይሸሻል፣ ምን ላድርግ!" አሉ። ሰውዬው ያለ ሒሳብ ጭኖ ቤት አደረሰን።

በዚያ ቀን ዳንኩ ብላችሁ ውሸት ይሆናል። ከዚያም በኋላ ወደ ኋላ የመለሰኝ ሳምንት ነበር፤ ተመልሼ ተኛሁ፣ "አለቀልኝ" አልኩ። ሲስተር ጫልቱ "መንገዱ እንደ ባምባሲ መንገድ ነው፤ ቁልቁለት ስላገኘህ ወደ ኋላ እየሄድክ አይደለም" አለችኝ። እውነትም ነበር። ቀስ በቀስ ወጡ ጨው ጨው አለኝ። የልጄ ጸጉር ሲሸት ታወቀኝ። ራህማ አዲስ ቀሚስ ለብሳ እንደነበር ከለበሰች በሦስተኛው ቀን አስተዋልኩ። "ሦስት ቀን ሙሉ!" ብላ ተቆጣችኝ። ቁጣዋ ራሱ ጣፈጠኝ።

የሕመም ፈቃዴ አልቆ ወደ ሥራ ስመለስ የት እንደነበርኩ መምህራኑ ጠየቁኝ። "ጨጓራ" ልል አሰብኩ፣ ቀላሉ እሱ ነበር። ግን እኔ ያን ያህል ወራት የተንከራተትኩት ሁሉም ሰው "ጨጓራ" ስለሚል አይደል? "ድባቴ ታምሜ ነበር፤ የአእምሮ ሕክምና እከታተላለሁ" አልኳቸው ሻይ እየጠጣን።  አንዱ "አንተ እንኳን! አንተ?" ብሎ ሳቀ። ሌላው ወሬውን ወደ ደመወዝ አዞረው። ምነው ባልተናገርኩ እያልኩ ቤት ገባሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የሒሳብ መምህራችን ጌታቸው ሜዳው ድረስ መጣ። ጌታቸው ከወንበራ ተዛውሮ የመጣ ቁጥብ ሰው ነው፤ ከሰላምታ በላይ አውርቶኝ አያውቅም። ኳስ የሚያይ መስሎ አጠገቤ ቆመ።

"አንድ ጓደኛ አለኝ" አለኝ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሳ። "እሱም እንደዚያ... አንተ እንዳልከው ነው። አይተኛም። ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው ይጠፋዋል። የት እንደሚኬድ ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው።"

"ጓደኛህ የሚኖረው እዚሁ አሶሳ ነው?"

"እዚሁ ነው።"

"እንግዲያው ንገረው፤ ነገ ጠዋት እኔ ራሴ እወስደዋለሁ። ወረፋውም ጋ አብሬው እቀመጣለሁ። ሲስተሯ ጥሩ ሰው ናት በለው፣ አትቆጣም።"

"እነግረዋለሁ" አለና ሄደ።

በማግሥቱ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩት። ጌታቸው ብቻውን ቆሟል፤ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል፣ ጺሙን ተላጭቷል።

"ጓደኛህስ?" አልኩት።

መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

"መጥቷል" አለኝ።

ጫማዬን አጥልቄ አብሬው ወጣሁ።